ግዝቱ የተፈታለት መንጋ

ወይዘሮ ብርነሽ ደምሌ የታሰሩት መንጋ ወንዝ እንዳይሻገር ስላገዱ አይደለም። ክሱ ላይ የተጻፈው «ግራዝማች ወልደማርያምን በሰው ፊት አንተ ብላ ደፍራለች» የሚል ነበር። ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለ ከብት አንድ ቃል የለበትም፤ ስለ ወንዙም የለበትም። የአንድ አጥቢያ በረት ባዶ ከመቅረቱ ይልቅ አንዲት «አንተ» ከብዳ ታየችና የአርባ አምስት ዓመት የቅቤ ነጋዴ ሰባት ቀን በእግር ብረት ተቀመጡ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ወይዘሮ ብርነሽን አንቱ እላለሁ። ወልደማርያምን ግን አንቱ አልለውም፤ ማዕረጉን እንኳ የምጠራው ሌላ ወልደማርያም እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

እኔ ዳኛቸው እባላለሁ። በ1952 ዓ.ም. የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ባላገሩ ሐኪም ይለኝ ነበር እንጂ ሐኪም አልነበርኩም። ጥቂት ወር ተምሬ መርፌ መውጋትና ቅጽ መሙላት የማውቅ፣ ዕድሜዬ ሠላሳን ያለፈ ሰው ነበርኩ። ከማወራው ከፊሉን ራሴ አይቻለሁ። ሌላውን ወይዘሮ ብርነሽ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ስንጓዝ ነግረውኛል፤ በኋላም ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ጓሳ ሚካኤል «ላይ ጋይንት» በሚባለው አገር ውስጥ፣ ደጋው አልቆ ወደ ስማዳ ቆላ መውረድ ሲጀምር ያለ አጥቢያ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራበታል። ወይዘሮ ብርነሽ እዚያው ተወልደው እዚያው ተዳሩ። ባላቸው ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን ወንድማቸው አለበል ያርስላቸው ነበር። በሬዎቹ ግን የራሳቸው ነበሩ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ ይባላል፤ ሁለተኛው ዳልቻ። ሁለቱንም ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ምላሳቸው ስለታም ነው ይባል ነበር፤ እኔ እንደማየው ግን ያዩትን ማየታቸውን አይደብቁም እንጂ ክፉ ተናጋሪ አልነበሩም።

ኑሯቸውን የሚደጉሙት በቅቤ ንግድ ነበር። አንዱን ሳምንት ንፋስ መውጫ ይወጣሉ፣ አንዱን ስማዳ ይወርዳሉ፣ አልፎ አልፎም እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ ይዘልቃሉ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤ ረክሶ ነበርና ለፋሲካ የሚሆን ሊሰበስቡ ስማዳ ወረዱ። ገበያው ዳር አንድ ሰው ቀይ በሬ ይዞ ቆሟል። በሬው ያለቅሳል። እንባው ከዓይኑ እስከ አገጩ መንገድ ሠርቶ ወርዷል፤ ከአፍንጫው የሚወጣው ወፍራም ነው፤ ለሃጩ እስከ መሬት ይንጠባጠባል። ወይዘሮ ብርነሽ ቅቤያቸውን ለጓደኛ አስይዘው ቀረቡና የበሬውን ከንፈር ገልጠው አዩ። ድዱ ላይ እርጥብ ፉርሽካ የተለጠፈበት ይመስላል። በጣታቸው ሲነኩት ተልጦ ሥጋው ቀላ።

«ይህ በሬ ታሟል፤ ለምን ገበያ አመጣኸው?» አሉት ሰውዬውን።

«ሳይሞትብኝ ልሽጠው ብዬ ነው እንጂ!» አለና እሱም አለቀሰ።

ወይዘሮ ብርነሽ በሽታውን አይተውት አያውቁም። እናታቸው ወለተ ሥላሴ ግን በክፉ ቀን ጊዜ ሕፃን ነበሩ፤ ያ ሁሉ የአገሩ ከብት ያለቀበትን ዘመን እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩት ኖረዋል። «ዓይኑ ካለቀሰ፣ አፉ ከተላጠ፣ ተቅማጡ ሸትቶ ሰው ካባረረ ደስታ ነው» ይሉ ነበር። ደስታ የበሽታው ስም ነው። እንዲህ ያለውን መዓት ለምን ደስታ እንዳሉት አላውቅም፤ ሰምቶ እንዳይመጣ ስሙን ገልብጠው ጠሩት የሚሉ አሉ። እናታቸው ሌላም ነገር ይሉ ነበር። «የኛ ቤት አንዲት ላም የቀረችልን አባቴ ጓዳ አስገብቶ አስሯት፣ ውኃ እየቀዳ ስላጠጣት ነው። ከሌላ ከብት ጋር አልተገናኘችም።»

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ብርነሽ ቅቤ እየገዙ ይጠይቁ ጀመር። የማን ከብት ታመመ? የት ይጠጣል? ከማን ጋር ይሰማራል? በአንድ ኩሬ የሚጠጡት ቤቶች በተከታታይ ታመዋል። ከእነሱ አጠገብ ያለ፣ ከሰው ተጣልቶ ከብቱን ለብቻው የሚያሰማራ አንድ ኩርፍተኛ ሽማግሌ ግን አንድም አልታመመበትም። በሳምንቱ ወደ እስቴ ሲሄዱ ደግሞ ከሞተ ከብት የተገፈፈ ገና ያልደረቀ ቆዳ በአህያ ተጭኖ ሲያልፍ አዩ። ቆዳው በታጠበበት ምንጭ የጠጡ ጥጆች በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደቁ ተብሎ ተነገራቸው። እኔ በትምህርት ቤት በሰሌዳ የተማርኩትን እሳቸው በሦስት ገበያ ደረሱበት። በዓይን የማይታየው ነገር በእንባ፣ በለሃጭ፣ በእበትና በትንፋሽ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሻገራል፤ የሚያሻግረው ደግሞ ከብት የሚነዳ ሰው ነው።

አገራቸው ተመልሰው ቀጥታ የሄዱት ወደ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነው። መሪጌታ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምረው የመጡ፣ ክህነትም ያላቸው፣ በአጥቢያው የተከበሩ፣ ድምፃቸው ከኮረብታ ኮረብታ የሚሰማ ሰው ነበሩ። የነገሯቸውን ሁሉ በጥሞና አዳመጡና በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቁመው ገዘቱ።

«ከዘንቦ ወንዝ ማዶ ከብት ያስገባ፣ ከዚህም ወደ ማዶ የወሰደ፣ ያልደረቀ ቆዳ የተሸከመ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን። ሀብታምም ይሁን ድኻ!»

ያ ግዝት ሦስት ሳምንት ያህል ሠራ። ሰው ከገበያ የገዛውን ወይፈን ወንዙ ዳር ደርሶ መለሰ። አንድ አባት ለልጁ ማጫ የመጣችለትን ጊደር ሳትሻገር «በኋላ ትመጣለች» ብሎ ሰደዳት፤ አማቾቹም ተቀየሙት። አልጣሽ የምትባል የወይዘሮ ብርነሽ ጎረቤት ማዶ የተቀመጠ አንድ በሬ ነበራት፤ እሷም ትታው ቆየች። ያ ሁሉ ሕዝብ እንዲህ ራሱን አሰረ። በማዶው ከብት ሲያልቅ በጓሳ ሚካኤል አንድ ጥጃ አላሳለም።

ግራዝማች ወልደማርያም የምክትል ወረዳው ገዥ ነበር። ስማዳ ውስጥ ሰው በድንጋጤ ከብቱን እየጣለ መሆኑን ሲሰማ ሰው ልኮ ሃያ ሦስት ሰንጋ በርካሽ አስገዛ። ጾሙ እስኪፈታ በጓሳው ሜዳ አስግጦ ለፋሲካ ንፋስ መውጫ ሊሸጠው ነው። ድኻው በሬ ሞቶበት ሲያለቅስ እሱ ከልቅሶው ትርፍ አየበት ማለት ነው። መንጋው ዘንቦ ከመድረሱ በፊት ለመሪጌታ መልእክት ላከ። መሪጌታም ግዝቱን ፈቱ። ለሁሉ አይደለም፤ «ለግራዝማች መንጋ ብቻ» ብለው ፈቱ።

ወይዘሮ ብርነሽ ይህን ሲሰሙ ሮጠው መሪጌታ ቤት ሄዱ።

«መሪጌታ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው ልጄ። መንግሥት ነው፤ ምን አደርጋለሁ?»

«በሽታው የግራዝማችን ከብት ከሌላው በምን ይለየዋል? ማኅተም አለበት?»

መሪጌታ ዳዊታቸውን ገለጡ። ወይዘሮ ብርነሽም የመሪጌታን እጅ ሳይስሙ ወጥተው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ዘንቦ በበጋ ቀጭን ነው። ከብት የሚሻገርበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ግራና ቀኙ ገደል ነው። ወይዘሮ ብርነሽ የእሾህ ቅርንጫፍ ጎትተው መሻገሪያው ላይ ጣሉና አጠገቡ ቆሙ። የሰማው ሰው ሁሉ ከዳገቱ ላይ ተሰብስቦ ያያል፤ ወርዶ አጠገባቸው የቆመ ግን ወንድማቸው አለበል ብቻ ነበር። መንጋው መጣ። ግራዝማች በበቅሎ ከኋላው ነው፤ ሁለት ጠመንጃ ያዦች ከፊት።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ።

«ጌታዬ፣ ያንን ቀይ ሰንጋ ይመልከቱት» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። «ያለቅሳል። ያ ሻኛው የወደቀውም ያለቅሳል።»

«የመንገድ አቧራ ነው።»

«አቧራ አፍ አይልጥም ጌታዬ። ወርደው ከንፈሩን ይግለጡት። ካልሆነ እኔ ልግለጠው፤ እርስዎ ከበቅሎዎ ሳይወርዱ ይዩት።»

«ሴትዮ፣ ሹመቱን የሰጡሽ ዛሬ ነው? ግዝቱ ተፈቷል፤ ተነሽ ከመንገድ!»

«ግዝቱ ይፈታ። በሽታው አልተፈታም። ማዶ ያቆዩዋቸው፤ ዐሥራ አምስት ቀን ብቻ። እኔ ራሴ ገብስ ገለባ ተሸክሜ አመጣላቸዋለሁ።»

ግራዝማች ለጠመንጃ ያዦቹ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። አንደኛው እሾሁን በእግሩ ገፋው፤ ሌላው አለበልን በሰደፍ መታና ጣለው። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ብርነሽ የጮኹት።

«አንተ ሰው! እግዜርን ባትፈራ ይህን ሁሉ ሕዝብ አታፍርም?»

ግራዝማች «አንተ አልሽኝ?» አለ። «አዎ፣ አንተ!» አሉት። ጠመንጃ ያዦቹ በገዛ ነጠላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አሰሯቸውና ወንዙ ዳር አስቀመጧቸው። መንጋው በአጠገባቸው አለፈ። ውኃው ውስጥ ቆሞ ጠጣ። ከታመሙት አፍ የሚወርደው ለሃጭ እንደ ክር እየተሳበ ከውኃው ጋር ሲሄድ አዩት። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የአጥቢያው ከብት በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሚጠጣበት ኩሬ ነው። «ዞር በሉ! ዛሬ እዚያ አታጠጡ!» እያሉ እየጮኹ ወሰዷቸው። የሰማቸው የለም። ሰምቶ ያጠጣም ሞልቷል፤ ሌላ ውኃ አልነበረማ።

ሰባት ቀን ታስረው ወጡ። በወጡ በአራተኛው ቀን የአለበል ላም መመገብ ተወች። ቀጥሎ የአልጣሽ ወይፈን። ከዚያ ወዲያ ማንም መቁጠር አልቻለም። ሰው ሬሳውን እየጎተተ ገደል ሲከት፣ ገና ያልሞተውን ደግሞ ወደ ዘመድ አገር እያሸሸ ሌላ ቦታ ሊያዛምት ሲነሳ፣ ወይዘሮ ብርነሽ በር ለበር እየሄዱ «አትንዱ፣ ባለበት እሰሩት» ሲሉ ምን ተባሉ መሰላችሁ? ረግማን ነው ተባሉ። ግራዝማችን መናገር የፈራ አፍ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

አልጣሽ በሯ ላይ ቆማ «ወንዙ ላይ ቆመሽ የረገምሽን አንቺ ነሽ! ከደጄ ራቂ!» አለቻቸው።

«እርግማኔ የሚሠራ ቢሆን ያንቺን ወይፈን ነበር የምረግመው? ያንን በበቅሎ የመጣውን አልነበረም?» አሏት። አልጣሽ በሩን ዘጋችባቸው።

እኔ የመጣሁት ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ ብርነሽ እስር ቤት ሳሉ በመሬት ክርክር የታሰረ አንድ ደብተራ አቤቱታ ጽፎላቸው፣ ለጥየቃ በመጣ ዘመድ እጅ ደብረ ታቦር ደርሶ ኖሯል። አለቃዬ ወረቀቱን ሰጠኝና መድኃኒቱን በሣጥን አድርጌ በቅሎ ጭኜ ተነሣሁ። አራት መቶ ከብት የሚበቃ ነበር። ደንቡ መጀመሪያ ለገዥው ቀርበህ ደብዳቤ አሳይ ስለሚል ወደ ግራዝማች ሄድኩ። በክብር ተቀበለኝ። ጠጅ ቀረበልኝ። «ከብቶቹ ከላይ ሜዳው ላይ ናቸው፤ ከእነሱ ጀምር» አለኝ። ጀመርኩ። ከስማዳ የመጡት ሰንጋዎች ከፊሎቹ ሞተው፣ የቀሩት ፋሲካ ሳይደርስ በሽታው ወዳለበት ወደ ስማዳ ገበያ ተመልሰው ተነድተው ነበር፤ ያንን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከአራት መቶው መቶ ስልሳውን የእሱና የዘመዶቹ ከብት ላይ ጨረስኩት። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

መርፌዬን ሳጥብ አንዲት ሴት መጥተው ፊቴ ቆሙ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የእግር ብረቱ ቁስል ገና አልደረቀም።

«የከብት ሐኪሙ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ይህ መርፌ የታመመውን ያድናል?»

«የለም እናቴ። ያልታመመውን ነው የሚጠብቀው።»

«እንግዲያው እዚህ ምን ታደርጋለህ? የኛ ተይዟል። እኛን ተወን። ወደ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ላይ ሦስት አጥቢያ አለ፤ እስካሁን አልደረሰባቸውም። ከእነሱ ካለፈ ግን ንፋስ መውጫ ገበያ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ይይዘዋል? የቀረህን ይዘህ ተነሣ።»

«የእርስዎ ከብቶችስ?» አልኳቸው።

«ቦቃ ወደቀ። ዳልቻ ዛሬ ጠዋት ማልቀስ ጀመረ።» የመድኃኒት ሣጥኔን ክዳን ገጠሙት። «ለእነሱ መርፌ አታባክን አልኩህ እኮ። ተነሣ!»

ግራዝማች የቀረውን መድኃኒት ለሌላ ወዳጁ ከብት አስቦት ኖሮ ተቆጣ። እኔ ግን ያቺን ቁርጭምጭሚት ካየሁ በኋላ ጠጁ አፌ ውስጥ መሮኝ ነበር። በቅሎዬን ጫንኩ።

አምስት ቀን አብረን ሄድን። መድኃኒቱ በብልቃጥ ያለ ደረቅ ዱቄት ነው፤ አንዴ በውኃ ከተበጠበጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ፀሐይም ይገድለዋል። ይህን ስነግራቸው ወይዘሮ ብርነሽ ሣጥኑን በእርጥብ ገለባ ከበው ነጠላቸውን ነክረው አለበሱት። ከዚያ በኋላ እሳቸው ቀድመው አጥቢያው ይደርሳሉ፤ ከብቱ ተሰብስቦ ሳይቆም እኔ ብልቃጥ እንዳልከፍት አዘዙኝ። ያ ትእዛዝ ስንት መድኃኒት እንዳተረፈ እኔ ነኝ የማውቀው።

ችግሩ ከብቱን ማሰባሰብ ነበር። ገበሬው የመንግሥት ሰው ከብት ሊያይ መጣ ሲባል ግብር ሊጣል ነው ብሎ መንጋውን ቆላ ይከታል። አያሌው የሚባል አንድ ኩሩ ገበሬ ባዶ በረቱን እያሳየ «እኔ ከብት የለኝም» አለን። እበቱ ትኩስ ነው፤ ገና ይጨሳል።

ወይዘሮ ብርነሽ እበቱን አዩት፣ እሱንም አዩት። «ወንድሜ፣ ግብር የሚጣለው በሕይወት ባለ ከብት ነው። የሞተውን ማንም አይቆጥርብህም። እኔ ከአሁን ወዲያ የሚቆጠርብኝ የለም፤ እኔን መሆን ትፈልጋለህ?» አሉት።

«መርፌው ራሱ ቢገድላቸውስ?»

«መጀመሪያ አንዱን አምጣ። ከሞተ፣ መሬቴ ርስት ነው፤ በሬህን እስክተካ አንተ እረሰው። ሰው ሁሉ ይስማኝ።»

አያሌው ጥቂት አሰበና ወደ ገደሉ ዞሮ በጣቶቹ አፏጨ። ከብቱ እየተግተለተለ ወጣ። የእሱን ያየ ሌላውም አወጣ። በአምስተኛው ቀን የመጨረሻውን ብልቃጥ ጨረስን። በሦስቱ አጥቢያ ያልደረሳቸው ከብቶች ነበሩ፤ ያ መቶ ስልሳ ይበቃቸው ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ያልተከተቡትን ለይተው በየበረቱ አሳሰሩ፤ መሻገሪያዎቹን ሰው በተራ እንዲጠብቅ አስማሉ። በሽታው ከዚያ አላለፈም። ጓሳ ሚካኤልን ፈጅቶ እዚያው ቆመ።

ተመልሰን ስንደርስ ዳልቻም ሞቶ ነበር። አለበል ገደል ከቶታል። ወይዘሮ ብርነሽ ቀንበሩን ከግድግዳው አውርደው እጃቸውን አንዴ አሳለፉበትና መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ውኃ ሊቀዱ ሄዱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ አይደለም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ የጎረቤት ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠራ መስሎት በልማድ ሲያፏጭ ሰምተው።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልምጣ። ሥራው ሲያልቅ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ «ለሥራው መቃናት የተባበሩ ባለሥልጣን» የሚል ቦታ አለ። ባለሥልጣን ነው የሚለው፤ ቅቤ ነጋዴ አይልም። ቅጹ ደግሞ ያለ ገዥው ማኅተም አይቀበሉትም። እኔም የግራዝማች ወልደማርያምን ስም «በብርቱ ጥንቃቄ» ከሚል ሙገሳ ጋር ጻፍኩ። ማኅተሙን እየሳቀ መታልኝ።

ሰኔ ሚካኤል የአጥቢያው ክብረ በዓል ነው። የሞቱትን ከብቶች ዝርዝር እንዳጣራ ተልኬ ስለነበር እዚያው ነበርኩ። ቅዳሴው ወጥቶ ታቦቱ ከገባ በኋላ ግራዝማች ካባ ደርቦ ከወይራው ሥር ቆመ። ጸሐፊው ከበላይ የመጣ የምስጋና ደብዳቤ ማንበብ ጀመረ። «በብርቱ ጥንቃቄዎ የከብቱ በሽታ እንዳይስፋፋ ስላደረጉ» ይላል። ቃሉ የእኔ ነው። ከእኔ ቅጽ የተገለበጠ ነው። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል።

«ውሸት ነው!»

ከሴቶቹ መካከል ነው ድምፁ። ወይዘሮ ብርነሽ ወደ ፊት ወጡ።

«ዝም በይ! ሰባት ቀን አልበቃሽም?» አለ ግራዝማች።

«አልበቃኝም! ሌላ ሰባት አምጣ! እናንተ ሰዎች ግን አንገታችሁን ምን ደፋችሁ? ይህ ወረቀት በሽታው አልተስፋፋም ይላል። የአለበል ላም የት ሄደች? ጥጃዋስ? የኔ ቦቃ፣ የኔ ዳልቻ የት ናቸው? ደብዳቤው ይንገረኝ!»

ያኔ ከበሩ አካባቢ አንዲት ሴት ተነሣች። አልጣሽ ነበረች።

«የኔ ወይፈን» አለች። «ማዶ የነበረው በሬዬ። ሁለቱም። ብርነሽን ረገመችን ብዬ ደጄን ዘግቼባታለሁ፤ የረገመን እሷ አይደለችም።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ሦስት ላም» አለ። ሌላው «አራት፣ ከነጥጃቸው» አለ። አንዱ ተቀምጦ ሌላው ይነሣል። ከየአቅጣጫው የሞተው ከብት ስሙ ይጠራ ጀመር፤ ጉራች፣ ወይኖ፣ ቡሬ፣ ሻሾ። ጸሐፊው ወረቀቱን አጠፈ። ግራዝማች ጠመንጃ ያዦቹን ቢያይ እነሱም ባላገር ናቸው፤ አንደኛው ራሱ «የአባቴ ሁለት በሬ» ብሎ ነበር በቀስታ።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከማኅበረ ካህናቱ መካከል ወጡ። «ግዝቱን የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ። ያ ከኮረብታ የሚሰማው ድምፅ በጭንቅ ይወጣል። «የደብሩን መሬት አስለክቼ እቀንሰዋለሁ ብሎ ላከብኝ፤ ፈራሁ። ሀብታምም ይሁን ድኻ ብዬ በገዘትኩበት አፍ ለአንድ ሰው ፈታሁ። ንስሐዬን ሳልፈጽም ቅኔ ማኅሌት አልገባም።» መቋሚያቸውን ለአንዱ ካህን ሰጥተው ወደ ሕዝቡ መካከል ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ወይዘሮ ብርነሽ ወደ እኔ ዞሩ። ቆሜ «ደብዳቤው የተጻፈው በእኔ ሪፖርት ነው» አልኩ። «ስሙን የጻፍኩት ማኅተም ፈልጌ ነው። ሥራውን የሠሩት ወይዘሮ ብርነሽ ናቸው።» ይህን ለማለት ሁለት ወር ከምናምን ዘግይቻለሁ።

ግራዝማች በቅሎውን አስመጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምን ደረሰበት ትሉኝ ይሆናል። ምንም። የጠየቀው የለም። በዓመቱ ከፍ ወዳለ ሹመት ተዛውሮ ሄደ፤ ካባውንም ይዞ ነው የሄደው። ከመሄዱ በፊት ነገሩ እንዲበርድለት ሽማግሌ ልኮ፣ አንድ ደህና በሬ አስነድቶ ወይዘሮ ብርነሽ ደጅ ላይ አቆመ። በሬው ወፍራም ነበር፤ ክረምቱ ገብቷል፤ መሬታቸው አልታረሰም።

«መልሱለት» አሉ። «በሬ አልጠየቅሁትም። ወንዙ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በድያለሁ ይበል። ያንን ካለ ያለ በሬም እታረቀዋለሁ።» አላለም። በሬውም ተመለሰ። አለበል በዚያ ዓመት የእህቱን መሬት በአንድ ፈረስና አያሌው በላከለት አንድ በሬ ጠምዶ አረሰ፤ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነበር። ያን ክረምት በጓሳ ሚካኤል ስንት ቤት በባዶ ጎታ እንደከረመ የጻፈ የለም።

እኔ ሁለተኛ ሪፖርት ጽፌ እውነቱን አስገባሁ። መልስ አልመጣልኝም፤ የዝውውር ደብዳቤ ነው የመጣልኝ። ለወይዘሮ ብርነሽ ስነግራቸው «መጻፍህን እነሱ ባይፈልጉትም አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከአራት ዓመት በኋላ ንፋስ መውጫ ገበያ ነው። ቅቤያቸውን አንድ ጥግ አኑረው ከብት ተራው መካከል ቆመዋል። ማንም ሳይሾማቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በየበጋው የሚሸጠውን ከብት አፍ ገልጠው ያያሉ አሉ፤ ከብት ገዢውም እሳቸው ሳያዩለት ከብት አይገዛም። በዚያን ቀን ከአንድ ነጋዴ ጋር ተጣልተው ነበር። ነጋዴው «በምን ሥልጣንሽ ነው?» እያለ ይጮኻል፤ እሳቸው «ይህ በሬ ታሟል» ብለው ከንፈሩን የገለጡትን በሬ አልለቀቁም። በመጨረሻ ሰውዬው በሬውን ነጥቆ ከገበያው ወጣ። ሰላም ልላቸው ስጠጋ በእጃቸው ምልክት አቆሙኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በየትኛው መንገድ ይዞት እንደሚሄድ ለማየት በፍጥነት ተከተሉት።